ሰማዩ የተሸጠበት ባቡር ጣቢያ፦ የቻርልስ ማኪም ሕይወት

ኦክቶበር 28 ቀን 1963፣ ሰኞ ጠዋት። ኒው ዮርክ ላይ ዝናብ ያካፋል። ሄልሜት ያጠለቁ ሠራተኞች አንድ ግዙፍ ባቡር ጣቢያ አናት ላይ ወጥተው ከድንጋይ የተጠረበ ትልቅ ንስር በክሬን ማውረድ ጀመሩ። ከሥር ባቡሩ አልቆመም። ተሳፋሪው ሰዓቱን እያየ ወደ ሥራው ይሮጣል፤ በላዩ ላይ የከተማዋ ትልቁ አዳራሽ እየፈረሰ ነው።

ፔን ስቴሽን ይባል ነበር። ሲሠራ ለሺህ ዓመት የሚቆም ይመስል ነበር። የቆመው 53 ዓመት ብቻ ነው።

ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ይህን ሕንፃ የነደፈውን ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ቻርልስ ፎለን ማኪም ይባላል። በዘመኑ ከአሜሪካ አርክቴክቶች ሁሉ የሚከበር ሰው ነበር። ሕንፃው ሲመረቅ አላየውም፣ ሲፈርስም አላየውም። ግን ጣቢያውን ያማረ ያደረገው የሱ አንድ ውሳኔ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ለመፍረሱ ምክንያት ሆነ። እንዴት? አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳጥኑ ልጅ

ማኪም ኦገስት 24 ቀን 1847 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጄምስ ሚለር ማኪም የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። በኋላ ቅስናውን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ባርነትን ለመታገል ሰጡ። ልጃቸውን ቻርልስ ፎለን ያሉትም በሌላ የፀረ ባርነት ታጋይ ስም ነው።

በ1849 አንድ አስገራሚ ነገር ሆነ። ሄንሪ ብራውን የተባለ፣ ቨርጂንያ ውስጥ በባርነት ይኖር የነበረ ሰው፣ ራሱን የእንጨት ሳጥን ውስጥ አሳሽጎ እንደ ዕቃ ወደ ፊላደልፊያ ተላከ። 27 ሰዓት ያህል እንደተኮራመተ ተጓዘ። አንዳንዴ ሳጥኑን በጭንቅላቱ ያቆሙበት ነበር። ፊላደልፊያ ሲደርስ ሳጥኑ ዙሪያ ቆመው ክዳኑ ሲከፈት ካዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ የማኪም አባት ነበሩ። ሰውየው በሕይወት ወጣ፤ ነፃም ሆነ። ትንሹ ቻርልስ ያኔ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በባርነት ላይ መሣሪያ ያነሳው ጆን ብራውን በስቅላት ሲቀጣ፣ ሚስቱ የባሏን አስከሬን ለመረከብ ስትሄድ አብረዋት የተጓዙት የማኪም አባትና እናት ናቸው። እንግዲህ ልጁ ያደገው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

ፓሪስና ቦስተን

በ1866 ሃርቫርድ ገባ። ሐሳቡ የማዕድን መሐንዲስ መሆን ነበር። አንድ ዓመት ተምሮ ሐሳቡን ቀየረና በ1867 ኪነ ሕንፃ ሊማር ወደ ፓሪስ ሄደ። ሦስት ዓመት ያህል እዚያ ቆየ። የድሮ የሮማ ፍርስራሾችን፣ የጣሊያን ቤተ መንግሥቶችን እያየ፣ እየለካ፣ እየሳለ ተማረ።

በ1870 ተመልሶ በወቅቱ ስመ ጥር በነበረው ሄንሪ ሪቻርድሰን ቢሮ ተቀጠረ። ከጊዜ በኋላ የራሱን ሥራ ጀመረ። በ1879 ከዊልያም ሚድና ከስታንፎርድ ዋይት ጋር ሆነው አንድ ድርጅት አቋቋሙ፦ ማኪም፣ ሚድ እና ዋይት። ይህ ድርጅት በዘመኑ ከአሜሪካ ግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆነ።

ሦስቱ ሰዎች በጠባይ አይገናኙም። ዋይት ቀይ ፀጉር ያለው፣ ጨዋታና ግብዣ የሚወድ፣ ሥራውን እንደ እሳት የሚሠራ ሰው ነው። ማኪም ደግሞ ዝግተኛ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ግን ያመነበትን ነገር አይለቅም። ሲከራከር በትህትና ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ያለው ይሆናል።

የግል ሕይወቱ አልቀናውም። የመጀመሪያ ትዳሩ በፍቺ አበቃ፤ ሴት ልጁንም ለብዙ ዓመት ሳያያት ኖረ። በ1885 ጁሊያ አፕልተን የምትባል የቦስተን ሴት አገባ። ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላ በ1887 መጀመሪያ ላይ ሞተችበት። ሁለተኛ አላገባም።

በዚያው ዓመት የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን እንዲነድፍ ተመረጠ። ሐዘኑን ይዞ ወደ ሥራው ገባ። በ1895 የተከፈተው ይህ ሕንፃ የዕብነ በረድ ደረጃ፣ በቅስት የተከበበ ግቢ፣ በታላላቅ ሠዓሊዎች የተሣሉ ግድግዳዎች አሉት። የተሠራው ግን ለማንም ነው። ከበሩ በላይ ለሁሉም በነፃ ክፍት መሆኑ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ድሀው የጫማ ሠሪ ልጅ መጽሐፍ ሊያነብ ሲመጣ እንደ ልዑል በዚያ ደረጃ ይወጣል።

ለሚስቱ መታሰቢያ እንዲሆን ማኪም አንድ የነሐስ ሐውልት ለግቢው ሰጥቶ ነበር። ሐውልቱ እርቃኗን የምትጨፍር ሴት ስለሆነች የቦስተን ጨዋዎች ተቆጡ፤ ከተማው ተንጫጫ። ማኪም አልተጣላም። ስጦታውን መልሶ ወስዶ ኒው ዮርክ ለሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠው።

ዋሽንግተን ላይ የተጀመረ ትውውቅ

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ የሄዳችሁ ቤተሰቦቻችን በኮንግረሱ ሕንፃና በሊንከን መታሰቢያ መካከል ያለውን ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ባለበት መልኩ እንዲታሰብ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ማኪም ነው። በ1901 ሴኔቱ ዋና ከተማዋን መልክ የሚያስይዝ ኮሚሽን ሲያቋቁም እሱም አባል ሆነ። በዚያን ጊዜ ሜዳውን የባቡር ሐዲድ አቋርጦት ያልፍ ነበር፤ ጣቢያም ነበረበት። ባለቤቱ የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ ነው።

የኩባንያው ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ካሳት ይባላሉ። የታዋቂዋ ሠዓሊ የሜሪ ካሳት ወንድም ናቸው። ጣቢያውን ከሜዳው ለማንሳት ተስማሙ። የሰው ኩባንያ ለከተማ ውበት ብሎ ከቦታው ሲነሳ ያኔም ብዙ አይታይም ነበር።

በ1902 ማኪም የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ዋይት ሃውስ አደሰ። በዚያው ዓመት ካሳት ጠሩት። የሚሰጡት ሥራ በሕይወቱ ትልቁ ነበር።

ከወንዙ በታች፣ ከሰማዩ በታች

ችግሩ እንዲህ ነው። የፔንሲልቬንያ ባቡር ኒው ዮርክ አይገባም ነበር። ሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ኒው ጀርሲ ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ በጀልባ ነው የሚሻገረው። በክረምት በረዶ፣ በጉም ጊዜ ደግሞ መጠበቅ። ካሳት ከወንዙ ሥር ዋሻ አስቆፍረው ባቡሩን ማንሃተን መሃል ለማስገባት ወሰኑ። የእንፋሎት ባቡር ዋሻ ውስጥ በጭስ ያፍናል፤ ስለዚህ ባቡሩ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ተደረገ። ፓሪስ ላይ እንዲህ ያለውን አይተው ነበር። ሁለት ዋሻ ከሃድሰን ሥር፣ አራት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ካለው ወንዝ ሥር ተቆፈረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ጣቢያው የተሠራው ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። ሰፈሩ በሰው የተሞላ ነበር፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ጥቁሮችና ድሆች ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተገዝተው ፈረሱ፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ። የነሱን ቤት ማንም ለታሪክ ብሎ አልመዘገበውም። የባርነት ታጋዩ ልጅ ይህን ምን ብሎ እንዳየው የጻፈው ነገር አላጋጠመንም።

ወደ ንድፉ እንመለስ። ካሳት ከጣቢያው በላይ ትልቅ ሆቴል እንዲሠራ ፈልገው ነበር። ነጋዴ ናቸው፤ ልክ ናቸው። የማንሃተን መሬት ውድ ነው። ሁለት ብሎክ ሙሉ መሬት ይዞ ከላዩ ያለውን አየር ባዶ መተው ለሒሳብ ሠራተኛ ዕብደት ነው።

ማኪም ግን በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ ተከራከረ። ጣቢያ ማለት የከተማ በር ነው አለ። በድሮ ዘመን ወደ ትልቅ ከተማ የሚገባ ሰው በትልቅ በር ያልፍ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በባቡር ይመጣል። ስለዚህ በሩ በር መምሰል አለበት፤ ከላዩ ሆቴል ተጭኖበት ከሌላው ሕንፃ ጋር መመሳሰል የለበትም። ካሳት አዳመጡ፤ ሆቴሉን ተዉት። ከጣቢያው በላይ ያለው ሰማይ ባዶ ቀረ።

ይህን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማኪም ለዋናው አዳራሽ አርአያ ያደረገው ሮም ውስጥ ያለውን የካራካላን የመታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ነው። የተሳፋሪ መጠበቂያው ጣሪያ 45 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው፤ ባለ 15 ፎቅ ቤት አስቡ። ግድግዳውን ካለበሱት ድንጋዮች አንዱ ከጣሊያን፣ ከሮም አቅራቢያ የመጣ ትራቨርታይን ነው። ከውጭ 84 የግራናይት ዓምዶች፣ ከላይ አዶልፍ ዋይንማን የቀረጻቸው 22 ትልልቅ የድንጋይ ንስሮች። ከመጠበቂያው ቀጥሎ የብረትና የመስታወት ጣሪያ ያለው ሌላ አዳራሽ ነበር። የወለሉ መስታወት ደግሞ የፀሐይ ብርሃን እስከ ሐዲዱ ድረስ እንዲወርድ ያደርጋል።

በጣም ርካሹን ቲኬት የቆረጠ ሰው ሚሊየነሩ በሚያልፍበት አዳራሽ ያልፋል። ስደተኛው፣ ወታደሩ፣ ሥራ ፈላጊው፣ ሁሉም። የቦስተኑ ቤተ መጻሕፍት ሐሳብ እዚህም አለ።

ክፉው ዓመት

1906 ለማኪም ክፉ ዓመት ሆነ። ጁን 25 ማታ ስታንፎርድ ዋይት ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ጣሪያ ላይ ትርኢት እያየ ተቀምጧል። ሕንፃውን የነደፈው ራሱ ዋይት ነው። ሃሪ ቶው የተባለ ሀብታም ቀርቦ በሽጉጥ ገደለው። ምክንያቱ የቶው ሚስት ኤቭሊን ነስቢት ነበረች፤ ዋይት ገና በልጅነቷ እንደደፈራት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ ተናገረች። ለወራት የጋዜጣው ወሬ ሁሉ የዋይት ገመና ሆነ። ማኪም ጓደኛውን አጣ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ካሳት አረፉ። ዋሻው እየተቆፈረ ነበር፤ ጣቢያው ገና አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ማኪም አላገገመም። ድሮም ጭንቀት ያጠቃው ነበር። በ1908 ከሥራ ወጣ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1909 በ62 ዓመቱ ሎንግ አይላንድ ላይ ሞተ። ፔን ስቴሽን ሥራ የጀመረው በ1910 ነው። ያሠራው የለም፤ የነደፈውም የለም። ካሳት ሐውልት ሆነው ጣቢያው ውስጥ ቆሙ።

ሰማዩ ሲሸጥ

ጣቢያው ሠላሳ ምናምን ዓመት ክብሩን ይዞ ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ቤተሰቦቻቸውን የሚሰናበቱት እዚያ ነበር። በ1945 ብቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ተጠቀመበት።

ከዚያ መኪና መጣ፤ አውራ ጎዳና መጣ፤ አውሮፕላን መጣ። የባቡር ኩባንያው ገቢ ወረደ። ሐምራዊ ቀለም የነበረው ግራናይት ጥላሸት ለበሰ፤ የሚያጥበው የለም። ማስታወቂያው በዛ። በ1950ዎቹ አዳራሹ መሃል በሽቦ የተንጠለጠለ፣ መብራቱ የሚያንጸባርቅ አዲስ የቲኬት መቁረጫ ገተሩበት። ሕንፃን ለማፍረስ መጀመሪያ ማስቀየም ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ራሱ ምን ያደርጋል ይላል።

ከዚያ አንድ ሰው ቀና ብሎ አየ። ከጣቢያው በላይ ባዶ ሰማይ አለ። ያ ማኪም ለተሳፋሪው ብሎ ያስቀረው ሰማይ! በሒሳብ መዝገብ ላይ ያ አየር ገንዘብ ነው። በሕጉ የመሬት ባለቤት ከመሬቱ በላይ የመገንባት መብቱን ማከራየትም መሸጥም ይችላል። በ1962 ውሉ ይፋ ሆነ። ሕንፃው ይፈርሳል፤ በቦታው የቢሮ ፎቅና አዲስ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ይሠራል። ባቡር ኩባንያው ምንም ሳያወጣ ከመሬት በታች አነስ ያለ፣ ኤር ኮንዲሽነር ያለው ጣቢያ ያገኛል፤ ከአዲሱ ጋርደንም 25 በመቶ ድርሻ።

ስሙን አስተዋላችሁት? ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ዋይት የሠራው፣ የተገደለበትም አሮጌው ጋርደን በ1920ዎቹ ፈርሶ ነበር። ስሙ ግን ከቦታ ቦታ ተዛውሮ መጣና የጓደኛው ሥራ መቃብር ላይ ቆመ።

ኦገስት 2 ቀን 1962 ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ 200 የሚሆኑ ሰዎች ጣቢያው ፊት ሰልፍ ወጡ። አብዛኞቹ ወጣት አርክቴክቶች ናቸው። መንገደኛው አይቷቸው አለፈ። ከተማው በበኩሉ ማስቆም የሚችልበት ሕግ አልነበረውም። ሕንፃው የግል ንብረት ነው፤ ባለቤቱ የፈለገውን ያደርጋል። በቃ።

ማፍረሱ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። ዓምዶቹና ሐውልቶቹ አብዛኞቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ረግረግ ሜዳ ላይ ተጣሉ። ከሮም አጠገብ በመርከብ የመጣ ድንጋይ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ጅብ ከሄደ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? ኤፕሪል 19 ቀን 1965 ከንቲባ ሮበርት ዋግነር ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ። ጣቢያው ያኔ ግማሹ ፈርሷል። ሕጉ ለሱ አልደረሰለትም። ለሌሎቹ ግን ደረሰላቸው።

ባቡር ኩባንያውስ? በ1968 ከተፎካካሪው ጋር ተዋህዶ ፔን ሴንትራል ሆነ። በ1970 ከሰረ። ሰማዩን ሸጦም አልዳነም።

የተዋሃደው ኩባንያ በእጁ አንድ ሌላ ትልቅ ጣቢያ ቀርቶት ነበር፦ ግራንድ ሴንትራል። ከሱም በላይ 55 ፎቅ ሊሠራ አሰበ። ያው የአየር ሽያጭ ነው። አሁን ግን ሕግ አለ። ከተማው ከለከለ፤ ኩባንያው ከሰሰ። ጃክሊን ኬኔዲ ኦናሲስን ጨምሮ ብዙ ሰው ጣቢያው እንዳይነካ ተነሳ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ከተማው ረታ።

ከተማው ባለቤቱን ባዶ እጁን አልሰደደም። መፍትሔው ቀላል ነበር። ከጣቢያው በላይ መገንባት ባይቻልም ያንን የመገንባት መብት በአቅራቢያ ወዳለ ሌላ መሬት ማዛወር ይቻላል። ሰማዩ ዋጋውን አያጣም፤ ሕንፃውም አይፈርስም። እንዲህ ያለ ዘዴ በ1962 ቢኖር ኖሮ የማኪም ንስሮች ዛሬም ቦታቸው ላይ በሆኑ ነበር።

የቀረው

ዛሬ ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን በባቡር የሚሄድ ሰው በዚያው ቦታ ይሳፈራል። ሐዲዱና ዋሻው በ1910 ሥራ የጀመሩት ናቸው። ከላይ ጣሪያው ዝቅ ያለ መተላለፊያ ነው። ከኮሮና በፊት በቀን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይተላለፍበት ነበር። ውጭ መግቢያው ላይ ሁለት የድንጋይ ንስሮች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰው አጠገባቸው ቡና ይጠጣል። ከየት እንደወረዱ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከመንገዱ ማዶ የማኪም ድርጅት እሱ ከሞተ በኋላ የሠራው አሮጌ ፖስታ ቤት አለ። ይህን ሕጉ ጠብቆታል። በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ውስጡ ትልቅ የባቡር አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ፤ ጣሪያው መስታወት ነው። ተሳፋሪው እንደገና ቀና ብሎ ሰማይ ማየት ጀመረ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ገባን። ከተማ ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ ፔን ስቴሽንም ራሱ የቆመው የሌሎች ቤት ፈርሶ ነው። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ነዋሪዎች የጠየቃቸው አልነበረም፤ ከ60 ዓመት በኋላም ጣቢያው ሲፈርስ ከባለቤቱ በቀር የሚጠየቅ አልነበረም። ማኪም የተማመነው በካሳት ቃል ነበር። ካሳት ሲሞቱ ቃሉም አብሮ ሞተ። ሰው ያልፋል፤ ስምምነቱ በሕግ ካልተጻፈ አብሮት ያልፋል።

ስለዚህ ቤተሰቦች፣ ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ በየቀኑ የምታልፉበትን አሮጌ ሕንፃ አንዴ ቀና ብላችሁ እዩት። ማን ሠራው? ማን ይኖርበታል? ነገ ይፍረስ ቢባል የሚጠየቀው ማን ነው? በስልካችሁ አንድ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ አጠገቡ የተቀመጡትን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ጠይቁ። ሳይፈርስ መጠየቅ ይሻላል።